ዛሬ እለፉኝ

«የባንዳ ወዳጅ ነበሩ ይባላል እኮ» አለች አንዷ፣ በእትዬ የሺመቤት ሠልስት ቀን፣ እዚያው ድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጣ፣ የእሳቸውኑ ንፍሮ እየቃመች። ደብረ ብርሃን ነው ነገሩ፤ ልጃቸው ዘንድ ነው ያረፉት። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ የማልፍ ሰው አይደለሁም። ብድግ አልኩና «አንቺ! ያንን ንፍሮ ዋጪና እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት። ልጅቱ ደነገጠች፤ ሰው ግራ ቀኝ ያዘኝ፤ «ተይ እንጂ፣ ለቅሶ ቤት ነው» ብለው አስቀመጡኝ። ተቀመጥኩ። ልቤ ግን አልተቀመጠም። አሁን ለቅሶ ቤት አይደለሁም፤ እጄን የሚይዘኝም የለም፤ እናገራለሁ።

አንኮበር ላይ ከእትዬ የሺ ጋር አጥር ለአጥር ነበርን። እኔ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ወደዚያ ሰፈር ስገባ እሳቸው የቤት እመቤት ሆነው የከረሙ ሰው ነበሩ፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ከገደሉ ማዶ የሚሰማ። ሰው ከሞተ በኋላ ሁሉም እንደሚያደርገው «ደግ ነበሩ፣ ገር ነበሩ» ብዬ አላለሳልሳቸውም። ቁጡ ነበሩ። ሲቆጡ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ዶሮዬ ጓሯቸው ገብታ ጎመናቸውን በጫረች ቁጥር «ጥሩወርቅ! ይቺን ዶሮሽን አንድ ቀን ወጥ ሆና ነው የምታገኛት!» ብለው ሰፈሩን ያስደነግጡታል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ በአጥሩ ላይ ብቅ ይሉና «ጎመን ልስጥሽ እንዴ?» ይሉኛል።

ቁጣቸውን ግን ያውቁታል። ሰው የራሱን ክፉ ጠባይ እንደዚያ ቆሞ ሲጠብቅ አላየሁም። ከየትም ይምጡ፣ ደጃፋቸው ላይ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። እጃቸውን መቃኑ ላይ ያሳርፉና «አንቺ የሺ፣ ምን ይዘሽ ነው የምትገቢው?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቃሉ። በልባቸው እንዳይመስላችሁ፤ ድምፅ አውጥተው ነው። ከገበያ ቅሬታ ይዘው የመጡ እንደሆነ እዚያው ያማትባሉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ሲወጣላቸው ይገባሉ። አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድባቸው እንዲሁ ቆመው አገኘኋቸው። «ኧረ እትዬ፣ ይግቡ! በሰበሱ እኮ!» ብላቸው «ቆይ እስቲ ልጄ፣ ገና ነኝ» አሉኝ።

ሐሜት ሲነሳም የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ሐሜት አይወዱም እንዳልላችሁ፣ ይወዳሉ፤ ዐይናቸው ያበራል። ግን ወሬው ወደ ሰው ስም ሲጠጋ ከመቀነታቸው ቆሎ ያወጡና አፋቸውን ይሞላሉ። «አፌን ሥራ ልስጠው» ይላሉ፣ በሙሉ አፋቸው። ሐሜቱ የጣመ ዕለት ቆሎው ቶሎ ያልቃል፤ ያኔ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነስተው ይሄዳሉ።

ጸሎታቸውም ቢሆን እንደ መነኩሴ የረዘመ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ቆመው እንቅልፍ ያንጎላጃቸዋል፤ ክንዳቸውን ቆንጥረው ይነቃሉ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ስስቅባቸው «ሳቂ፣ ሳቂ፤ እኔ ስተኛ የሚነቃውን ብታዪው አትስቂም ነበር» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ደግሞ ቃሪያ እየቀነጠስን ሳለ ድንገት እንዲህ አሉኝ፤ «ጥሩዬ፣ እኔ ጥፋተኛ ስሆን አልፈራም። ጥፋተኛ ስሆን አፍሬ እንበረከካለሁ፤ ያልቃል። የምፈራው ልክ የሆንኩ ቀን ነው። ልክ የሆንኩ ቀን ማን ያቆመኛል?» ያን ጊዜ ልጅነትም ነበረኝ፣ ነገሩ አልገባኝም። ቃሪያዬን ቀነጠስኩ።

ሰፈራችን የማርያም ማኅበር ነበረን፤ ወንዱም ሴቱም ያለበት፣ ወር በገባ በሃያ አንድ በየተራ ቤታችን የምንጠጣው። ጽዋዋ ትንሽ የሸክላ ዕቃ ነች፤ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ከቤት ቤት ትዞራለች። ጽዋዋ ከመዞሯ በፊት የማኅበሩ አባት መምሬ ወልደ ሰንበት ተነስተው «በማኅበርተኛው ላይ ቂም የያዘ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሥርዓታችን ነው። ቂም ያለበት ይናገራል፤ እዚያው ይታረቃል፤ ከዚያ ይጠጣል። ሳይታረቅ ጽዋዋን የነካ ፍርዱን ጠጣ ነው የምንለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የአጥርና የዶሮ ነገር ነበር። እኔና እትዬ የሺ በዚያች ዶሮ የተነሳ ማኅበር መሐል ስንት ጊዜ ተሳስመናል!

ባላቸው ጋሼ ደምሴ ነጋዴ ነበሩ። እህል በበቅሎ ወደ አሊዩ አምባ ያወርዳሉ፤ ከዚያ ጨውና በርበሬ ይዘው ይወጣሉ። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ ግን ከጨው ሥር ጥይትም መውጣት ጀመረ። ጥይቱ ጫካ ለገባው ለታናሽ ወንድማቸው ለታፈሰና ለጓደኞቹ ነው። እኛ ጎረቤቶቹ እናውቃለን፤ አንናገርም። የእኔን ባል ጣሊያኖች ለመንገድ ሥራ ወደ ጣርማ በር ወስደውብኝ ስለነበር፣ እኔማ ጥይቱን በጀርባዬም ቢሆን እሸከም ነበር።

በየነ የሚባል ማኅበርተኛ ነበረን። እሱም ነጋዴ ነበር፤ ጣሊያን ሲመጣ መንገድ መሪ ሆነላቸው፤ ካፖርት አለበሱት። አንድ ጠዋት እኔ ውኃ ወርጄ ስመለስ የእትዬ የሺ ግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጎተራው ተገልብጧል፤ ጤፉ መሬት ላይ ፈስሷል። እትዬ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። እኔ ሳልመለስ ነው የሆነው፤ እሳቸው እንደነገሩኝ፣ በየነ የጣሊያን ሶላቶዎቹን ይዞ መጣ፤ ምንም አልተናገረም፤ በጣቱ ጥይቱ የተደበቀበትን ጎተራ አሳያቸውና አንገቱን ደፋ። እሳቸው ቆመው አዩት። ጋሼ ደምሴን አስረው ደብረ ብርሃን ወሰዷቸው፤ እዚያው ረሸኗቸው። አስከሬናቸውን እንኳ ለአፈር አላበቃነውም። ወይኔ ጋሼ ደምሴ! እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከአሊዩ አምባ አቶ ዑመር የሚባሉ የጋሼ ደምሴ ደንበኛ ያንን ዳገት ወጥተው ለለቅሶ መጡ። ሽማግሌ ሰው ናቸው። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ እኅቴ» አሏቸው። «አሜን፤ ግን ትዕግሥቱን አብዝተው ይለምኑልኝ አቶ ዑመር፣ ጥቂቱ አይበቃኝም» አሉ እትዬ። ሰውየው ትክ ብለው አዩአቸውና «በየሶላቴ አነሳሻለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላም ጨው ከአሊዩ አምባ መውጣቱ አልቀረም፤ ከሥሩ ያለውም አልቀረም። አሁን በቅሎዋን የሚያስጭኑት እትዬ የሺ ሆኑ። የባንዳ ወዳጅ ያለችው ልጅ ይህቺን ትስማ።

የሚገርማችሁ፣ በየነ ከማኅበሩ አልቀረም። «እኔ ለእንጀራዬ ነው የምሠራው፤ እመቤቴን አልካድኩም» ብሎ ካፖርቱን ለብሶ ይመጣል። ማን ውጣ ይበለው? ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው። መምሬ «ቂም የያዘ አለ?» ሲሉ ሁላችንም ጉዝጓዙን እናያለን። ጽዋዋም ትዞራለች፤ ሁላችንም ፍርዳችንን እንጠጣለን። እትዬ የሺ በሐዘን ላይ ስለነበሩ በእነዚያ ወራት አልመጡም። በኋላ ግን ተራቸው ደረሰ። የእመቤታችን ተራ ደግሞ አይታለፍም። በየነ እሳቸው ቤት ሊመጣ ነው።

ማኅበሩ ከሚገባበት ቅዳሜ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እኔ እሳቸው ቤት ጌሾ እየለቀምኩ ነበር። አንኮበርን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭጋጉ ከቆላው ሲወጣ የራስን አጥር እንኳ አያሳይም። በዚያ ጭጋግ ታፈሰ ገባ። ጎፈሬው ጤዛ ይዞ፣ ጠመንጃው በጋቢ ተጠቅልሎ። እትዬን ጉልበት ሳመና ተቀመጠ።

«እትዬ፣ በየነ ቅዳሜ እዚህ ይመጣል?»

«ማኅበርተኛ ነው፤ ይመጣል።»

«እንግዲያው እግዜር በእጅዎ ጥሎታል» አለና ከጉያው አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ አወጣ።

በእኛ ዘንድ የሚቀዳ ሰው ከማሰሮው በመዳፉ ጠብ አድርጎ እሱ አስቀድሞ ይቀምሳል፤ እንግዳው ሳይጠራጠር እንዲጠጣ ነው። ታፈሰ ይህንንም አስቦበታል። «እርስዎ ከማሰሮው ይቅመሱ፤ ይህ ግን ከእሱ ዋንጫ ሥር ይሆናል። ወዲያው አይጥለውም፤ ሰንበት ብሎ ነው። የሆድ ቁርጠት ይመስላል። ጣሊያን አይጠረጥር፣ ሰፈሩም አይነካ። የወንድሜ ደም ነው እትዬ፤ የባልዎ ደም ነው።»

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል አልወጣም። እጃቸው ግን ተዘረጋ። ታፈሰ ቋጠሮዋን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ፤ ጉልበታቸውን ደግሞ ሳመ፤ ወደ ጭጋጉ ገባ።

ቋጠሮዋን በመዳፋቸው መዘኗት። «እንቢ ልለው ነበር እኮ» አሉኝ በመጨረሻ። «አፌ እንቢ ሊል ሲል እጄ ተቀበለ። ይከብዳል ብዬ ነበር ጥሩዬ። ቅለቱን እይው፣ እንደ ላባ።»

«ይበለው!» አልኩ እኔ። ምን ልበል? በየነ ቢሞት እልል የምል ሰው ነበርኩ።

ዐይን ዐይኔን አዩኝ። «አየሽ?» አሉ። «አንቺም ልክ ነሽ ትይኛለሽ። ታፈሰም ልክ ነሽ ይለኛል። ልቤም ልክ ነሽ ይለኛል። እንግዲህ ማን ቀረ?»

ተነሱና ቋጠሮዋን ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ካለው ምስማር ላይ ሰቀሏት። እኔ ጮህኩ። «እትዬ! እዚያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይሰቀላል?»

«ልደብቀው ነው የምትይ? ከደበቅሁት እረሳዋለሁ። ከረሳሁት ቅዳሜ ዕለት እጄ ብቻውን ይሄድልሻል፤ አሁን አላየሽውም? ዐይኑን እያየሁት እመቤቴን እለምናለሁ እንጂ አልደብቀውም።»

ያን ሳምንት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ጠላውን እየደፈደፉ ሳለ ድንገት እጃቸውን ሳይታጠቡ ጥለው ይሮጣሉ፤ ሥዕሉ ሥር ይንበረከካሉ። ዱቄት እየነፉ ወንፊቱን አስቀምጠው ይሮጣሉ። ምግብም በቅጡ አልቀመሱ። «ብቻዬን ስሆን ነው የሚበረታብኝ፤ በአጥሩ ስታልፊ ጥሪኝ» አሉኝ። እኔም እንጨት ስሰብር፣ ውኃ ስወርድ፣ «እትዬ!» እላለሁ። «አለሁ!» ይላሉ። አንዳንዴ ያ «አለሁ» በለቅሶ ተሰብሮ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ በየነ ይሙት ያልኩት ሰው፣ ሳምንቱ እያለቀ ሲሄድ እኔም ሥራዬን ትቼ ስለ እሳቸው ማማተብ ጀመርኩ። በየነ ይሙት አይሙት ሳይሆን፣ እትዬ የሺ እንዳይጠፉብኝ ፈራሁ።

የታፈሰ ሚስት ደግሞ አፏ ወንፊት ነው። ለአንዷ ብቻ ነገረች፤ ያቺም ለአንዷ ብቻ። ዓርብ ሲደርስ ከበየነ በቀር ማኅበርተኛው ሁሉ አውቋል። የሚቀር ሰው የለም መቼም፤ ሳይታመሙ ከእመቤታችን ጽዋ መቅረት ማን ይደፍራል? ይልቅስ ቅዳሜ ጠዋት መምሬ ደጅ ለንስሐ የተሰለፈውን ሰው ብታዩ! መርዙ ለበየነ ዋንጫ ብቻ መሆኑ አልገባውም፤ ሁሉም ሞት ለእሱም የሚደርሰው መስሎታል። ነጠላውን አጥቦ፣ ለልጆቹ አደራ ብሎ፣ ልክ ለመሞት እንደሚሄድ ሰው መጣ።

እኔ ቀድሜ ገባሁ። ዐይኔን ወደ ሥዕሉ ወረወርኩ። ምስማሩ ባዶ ነው። ቋጠሮዋ የለችም። እትዬን ባያቸው ዋንጫ እያጠቡ ነው፤ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ልጠይቃቸው ስል ሰው ገባ።

በየነ መጨረሻ መጣ። ካፖርቱን እንደለበሰ ከበሩ ጥግ ተቀመጠ። ሰዉ ሁሉ ዝም ስላለ ግራ ገባው፤ የአንዱን ፊት ያያል፣ የሌላውን ያያል። የገባው ነገር እንዳለ ታወቀኝ። መምሬ ጸሎቱን አደረሱ። ዳቦውን ባረኩ። ጽዋዋን በእጃቸው ይዘው እንደ ልማዳቸው ጠየቁ።

«በማኅበርተኛው ላይ ቂም የያዘ አለ?»

ሁላችንም ጉዝጓዙን አየን።

«አለ» አሉ እትዬ የሺ። ያ ከገደል ማዶ የሚሰማው ድምፃቸው ነው። «እኔ አለብኝ።»

መምሬ ጽዋዋን ዝቅ አደረጓት። «በማን ላይ ልጄ?»

«በበየነ ላይ።»

በየነ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ።

«ምክንያቱን እሱም ያውቀዋል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ» አሉ። «ልታረቅ ሞክሬ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እመቤቴን ለመንኳት፤ ገና አልወጣልኝም። አልወጣልኝምና ጽዋዋን አልነካም፤ አልዋሽባትም። ቤቱ ግን ዛሬ የእሷ ቤት ነው፤ የመጣውን ሁሉ አበላለሁ፣ አጠጣለሁ። ጽዋዋን ለሌሎቻችሁ ያዙሩ አባቴ። እኔን ዛሬ እለፉኝ።»

መምሬ አለፏቸው። ጽዋዋ ዞረች። እኔ ጋ ስትደርስ እንባዬ ወረደ፤ ስንት ወር ሙሉ እየዋሸን የጠጣናት ጽዋ ናት። «እኔንም እለፉኝ» አልኩ። ከእኔ ቀጥሎ ያለውም «እኔንም» አለ። እንዲህ እንዲህ እያለች በየነ ጋ ደረሰች። ተቀብሎ ሲስማት አየሁ፤ ይጠጣት አይጠጣት አላየሁም።

ከዚያ የጠላው ተራ ሆነ። እትዬ ማሰሮውን አንስተው ለሁሉም ቀዱ። የሚጠጣ ግን የለም። አንዱ ወፍራም ጎረቤታችን ዋንጫውን ዝቅ አድርጎ ጠላውን ቀስ እያለ ጉዝጓዙ ውስጥ ሲያፈስ በዐይኔ በብረቱ አየሁት። በመጨረሻ በየነ ጋ ደረሱ። ዋንጫውን ጢም አድርገው ሞሉት። በመዳፋቸው ከማሰሮው ጠብ አላደረጉም። የእሱን ዋንጫ አነሱና ራሳቸው ጠጡ። ጉንጭ ሁለት ጉንጭ መስሎኝ ነበር፤ እስከ ግማሽ ጠጡት። የዋንጫውን አፍ በነጠላቸው ጠረጉና እንደገና ሞልተው ዘረጉለት።

«ጠጣ» አሉት። «እንግዳዬ ነህ።»

በየነ ተቀበለ። ጠጣ። ያ ወፍራም ጎረቤታችን ይህን ሲያይ ትንፋሹን ለቀቀና «ማሰሮውን እስቲ ወዲህ በሉት!» አለ፤ ጉሮሮው ደርቆ ነዋ! ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ደግሞ እንደ ለቅሶ ነበር። በየነ አልሳቀም። ዋንጫውን አስቀምጦ ወጣ።

ሰው ከሄደ በኋላ ያዝኳቸው። «እትዬ፣ ቋጠሮዋስ?»

«ጠዋት ጓሮ ቀበርኳት።»

«ታዲያ ከዋንጫው ለምን ጠጡ? እኛን ሊያረጋጉን ነው?»

«እናንተንማ ማን አሰባችሁ!» አሉ ቆጣ ብለው። «ቀበርኳት አልኩሽ እንጂ ተገላገልኳት አልኩሽ? ዳቦ ስቆርስ፣ ዋንጫ ሳጥብ፣ እግሬ ጓሮ ጓሮ ይለኛል። ምስኪኒቱ እጄን ደግሞ አይተሻታል፤ አትታመንም። ስለዚህ ጠዋት ለእመቤቴ ቃል ገባሁላት። ከበየነ ዋንጫ መጀመሪያ እኔ እጠጣለሁ አልኳት፤ ግማሹን። ከዚህ ወዲያ ምን እጨምርበታለሁ? እጄን ያሰርኩበት ገመድ እሱ ነው።» ይህን ብለው ማሰሮው አጠገብ ቁጭ አሉና እንደ ልጅ አለቀሱ። እኔም አብሬአቸው አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ለእኒያ ሴት ያለኝን አክብሮት የምናገርበት ቃል የለኝም።

ሰፈሩ ደግሞ ወዲያው ሌላ ወሬ አበጀ። «ብልህ ናቸው፤ በየነ ቢሞት ጣሊያን ሰፈሩን ያቃጥል ነበር፤ አዳኑን» ይሏቸዋል። ማመስገናቸው ነው። እሳቸው ግን ይናደዳሉ። «ለእናንተ ብዬ አይደለም፤ ጣሊያን ቢቀር ኖሮም ያው ነበር። ለነፍሴ ፈርቼ ነው» ይላሉ። ብልህ መባል ቢቀበሉ ምን ነበረበት? እኔ ብሆን እቀበል ነበር።

ታፈሰ በሌላ ጭጋግ ተመልሶ መጣ። አልተቀመጠም፤ ጉልበትም አልሳመ። «የወንድሜን ደም በጠላ ሸጡት» አላቸው። እትዬ ገደሉ እስኪያስተጋባ መለሱለት፤ «ስማ ታፈሰ! አንተ ጫካ ጠብቀህ ብትገጥመው ጦርነት ነው፤ አገርህን ነው የምትጠብቅ፤ ጥይቱንም እኔው ነኝ የምልክልህ። በእመቤቴ ማኅበር፣ እንግዳዬ ብዬ አስቀምጬ ግን አይሆንም! ደምሴ ቢነሳ እሱም ይሁን አይልህም!» ታፈሰ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ደጃፋቸውን አልረገጠም። ጥይቱን ግን በሰው ይቀበል ነበር።

በየነም ከዚያ ቀን ወዲህ ማኅበር አልመጣም። ተለወጠ፣ ተጸጸተ ብዬ አልዋሽም፤ ካፖርቱን ለብሶ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ አብሯቸው ዞረ። እትዬ የሺ ግን በየወሩ ይመጡ ነበር። መምሬ ሲጠይቁ «አለብኝ፤ ዛሬም እለፉኝ» ይላሉ፤ ጽዋዋ ታልፋቸዋለች። ብዙ ወር እንዲህ ሆነ። ሌሎቻችን እንኳ ቀስ በቀስ «የለብንም» ማለት ጀምረን ነበር። ከዚያ አንድ ወር፣ እኔ ቤት፣ ጽዋዋ ስትመጣ እጃቸውን ዘረጉ። ጠጡ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ እኔማ ዘልዬ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። አለቀ ብለን ነበር። በሚቀጥለው ወር ግን «ዛሬ እለፉኝ» አሉ። አንዷ «ባለፈው ወር ታርቀው አልነበረም እንዴ?» ብትላቸው «ባለፈው ወርማ ነበር» አሉ። እንዲያ ነበሩ። ያሸነፉትን ነገር አሸንፌዋለሁ ብለው ጀርባቸውን አይሰጡትም።

ጣሊያን ሄደ፤ የእኔም ባል ተመለሰ። በየነ ተይዞ አንኮበር ላይ ሽማግሌዎችና ሹማምንት ፊት ቀረበ። ምስክርነቱ እትዬ የሺ ላይ ወደቀ፤ ያየ ሌላ የለም። ታፈሰ ያን ጊዜ ነው ከስንት ዘመን በኋላ ያናገራቸው። በየነ ወንድሜን በገዛ ራሱ እጅ ገረፈው ይበሉ፣ ሲያስሩት ገመዱን እሱ ያዘ ይበሉ፣ እንዲያ ካሉ ይሰቀላል አላቸው። ሰዉም ሁሉ ይህንኑ ይፈልጋል። አደባባዩ ሞልቷል። እትዬ ተነሱ። ከመናገራቸው በፊት ቆሙ፤ ብዙ ቆሙ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሰዉ አጉረመረመ። እኔ ግን ምን እያደረጉ እንደሆነ አውቄ ነበርና ጠበቅሁ።

«ሶላቶዎቹን ይዞ መጣ» አሉ። «በጣቱ ጎተራውን አሳየ። አንገቱን ደፋ። ባሌ በዚያ ሞተ። ሌላ ያየሁት የለም።»

«ሌላ የለም?» አሏቸው ዳኛው።

«ያየሁትን አልቀንስለትም፣ ያላየሁትን አልጨምርበትም።»

በየነ አልተሰቀለም፤ ረጅም እስራት ተፈረደበት። ታፈሰ እዚያው አደባባይ ላይ «የባንዳ ወዳጅ!» ብሎ ጮኸባቸው። ስሙ የወጣው ያን ዕለት ነው፤ እንዲያው እየተንከባለለ ድንኳን ውስጥ እስከሰማሁት ድረስ መጣ። አየሽ አንቺ ልጅ? ባላቸውን ያስገደለውን ሰው በሐሰት አልሰቅልም ስላሉ ነው። ያንን ስም እስኪሞቱ ተሸክመውታል፤ አንድ ቀን እንኳ ቆመው ሲከራከሩበት አልሰማሁም።

በየነ እስሩን ጨርሶ ወጣ፤ አርጅቶ ሞተ። እትዬ የሺ ከእሱ በኋላ ብዙ ኖሩ። እግራቸው ሲደክም ልጃቸው ወደ ደብረ ብርሃን ወሰደቻቸው። ታመው ሊያርፉ ነው ሲሉኝ ጊዜ ተነስቼ ሄድኩ። ያ ሁሉ ድምፅ ተንኖ፣ ሲናገሩ ጆሮን አፋቸው ላይ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። በማለዳ የንስሐ አባታቸው መጡ፤ ወጣት ቄስ ናቸው፤ ጣሊያንንም በየነንም አያውቁም። ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ ጎንበስ ብለው «እማማ፣ የበደለዎትን ሁሉ ከልብዎ ይቅር ብለዋል?» አሏቸው።

እኔ ተቆጣሁ። «አባ፣ ይህ ለእሳቸው ይጠየቃል?» ልል ነበር። እትዬ ግን ዐይናቸውን ገለጡ። ጥያቄውን አስበውበት፣ ከስንት ዘመን በፊት አፈር የገባውን ሰው እንደገና ፊታቸው አቁመው ያዩት መሰለኝ፤ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«ዛሬ ጠዋት፣ አዎ» አሉ። ትንሽ ተነፈሱና «ማታ ደግሞ ይምጡና ይጠይቁኝ» አሏቸው።

ቄሱ የዋህ ሰው ናቸው፤ እንደተባሉት ማታ ተመልሰው መጡ። እትዬ የሺ ግን በዚያው በጠዋቱ ይቅርታቸው ላይ እንዳሉ፣ ፀሐይ ሳትበረታ አርፈው ነበር።